ከወንፊቱ ሥር የወደቁት ትንንሽ ፕሮቲኖች

ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሽሮና ምስር ነው። በሰውነታችን ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱ ፕሮቲን ይሠራል። አሚኖ አሲድ የሚባሉ ነገሮች እንደ ዶቃ ተራ በተራ ይሰካሉ፣ የተሰካው ገመድም ፕሮቲን ይሆናል። አብዛኛው ፕሮቲን በመቶዎች የሚቆጠር ዶቃ አለው። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ያለው 51 ብቻ ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ከኢንሱሊንም በጣም ስለሚያንሱት ነው።

የሰውን ዘረመል ያነበቡ ተመራማሪዎች አንድ ወንፊት ነበራቸው። ከ100 አሚኖ አሲድ በታች የሚሠራ የሚመስል አጭር ጽሑፍ ሲያጋጥማቸው፣ በአጋጣሚ የተፈጠረ ነው ብለው ያልፉት ነበር። እውነት ለመናገር ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እንዲህ ያሉ አጫጭር ጽሑፎች እጅግ ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ምንም አይሠሩም። ግን እናቶቻችን ዱቄት ሲነፉ የሚፈልጉት ከወንፊቱ ሥር የሚወርደውን ነው። እነሱ የወረደውን ደፉት።

ነገሩ የተለወጠው በ2009 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) አካባቢ፣ ሕዋሱ ፕሮቲን እየሠራ ባለበት ሰዓት የትኛውን ጽሑፍ እያነበበ እንደሆነ ማየት የሚያስችል ዘዴ ሲገኝ ነው። ዛሬ እዚሁ ረሖቮት በቫይዝማን ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ኖዓም ሽተርን-ጊኖሳር በ2012 ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ዘዴ አንድ ቫይረስ መርምረው፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላያቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች አገኙ።

ከስኳር በሽታ ጋር የሚያያዘው ታሪክ ደግሞ የመጣው ከሎስ አንጀለስ ነው። በ2015 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቻንግሃን ሊ እና ፒንሐስ ኮኸን (ኮኸን ሕክምና የተማሩት ሐይፋ ቴክኒዮን ነው) ከነባልደረቦቻቸው 16 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ፕሮቲን አገኙ። ስሟ ሞትስ-ሲ ይባላል። የተገኘችው ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው። ሚቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ የምንወርሰው የራሱ ዘረመል አለው፤ መማሪያ መጻሕፍት 13 ፕሮቲን ብቻ ይሠራል ሲሉ ኖረዋል።

ቅባት የበዛበት ምግብ የሚበሉ አይጦች ይህችን ፕሮቲን ሲወጉ እንደ ሌሎቹ አልወፈሩም፣ ኢንሱሊናቸውም በደንብ ሠራ። ፕሮቲኗ በሕዋሱ ውስጥ እንደ ነዳጅ መለኪያ የሚሠራውን ማብሪያ ትቀሰቅሳለች፤ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒንም በከፊል የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። በ2018 ደግሞ ሕዋሱ ስኳር ሲያጥረው ሞትስ-ሲ ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብታ የትኞቹ ጂኖች እንደሚሠሩ ስታስተካክል ታየች። ማለትም ኃይል ማመንጫው «ነዳጅ እያለቀ ነው» ብሎ ለዋናው ቢሮ መልእክት ይልካል። በ2021 በታተመ ጥናት ወጣት ወንዶች ብስክሌት ሲነዱ በጡንቻቸው ውስጥ ያለው የዚች ፕሮቲን መጠን ወደ 12 እጥፍ ገደማ ጨመረ።

ይህ ነገር እኛን ለምን ይመለከተናል? ከኢትዮጵያ የመጣው ማህበረሰብ በገጠር ሳለ የስኳር በሽታን ብዙም አያውቀውም ነበር። እዚህ ከገባ በኋላ ግን በሽታው በፍጥነት እንደተስፋፋ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ጤፍ በነጭ ዱቄት፣ ጠላ በጣፋጭ መጠጥ ተተካ፤ ውሃ ለመቅዳት ይሄድ የነበረው እግር አውቶቡስ ላይ ወጣ። ዘረመላችን በአንድ ትውልድ አልተለወጠም፣ የሚደርሰው መልእክት ግን ተለውጧል።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ሞትስ-ሲ በኢንተርኔት እንደ «ማቅጠኛ» መርፌ ትሸጣለች፣ አንዳንዶቹም ለስኳር በሽታ ነው እያሉ ያስተዋውቃሉ። በመድኃኒትነት የፈቀዳት አካል የለም፣ ቁፓት ሆሊም ውስጥም አታገኟትም። የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ድርጅት ደግሞ ለስፖርተኞች ከከለከላቸው ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር የተጻፈበት መሆኑን የሚያረጋግጥላችሁም የለም። ሜትፎርሚን ወይም ኢንሱሊን አቁሞ በእሷ መተካት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው በቀናት ውስጥ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል።