የሐረር ጉምሩክና የቆቃ ግድብ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሚደረስባት በአንኮበር፣ በግንቦት ወር 1875 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ፤ ከዚያም ቀደም ብሎ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ ሻምበል ሐሪስ ጋር በአንጎለላ ተዋውለው ስለ ነበር፣ ይህ የኛ ደጋ አገር ከባሕር ማዶ መንግሥታት ጋር መዋዋልን ቀድሞ የለመደ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይሁን እንጂ ወዳጅነት መዋዋልና ብድር መዋዋል ልዩ ልዩ ጥበብ የሚጠይቁ ናቸው፤ የሁለተኛውን ትምህርት ደግሞ አገራችን የተማረችው በብርቱ ዋጋ ነው።

ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ ለሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የሚገባውን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳትከፍል ከቀረች ወዲህ፣ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር ሲጓተት የኖረው ድርድር በሰኔ 2017 ዓ.ም. የመግባቢያ ሰነድ እስከ መፈራረም ሲደርስ፣ በከተማችን በደብረ ብርሃን ፋብሪካ ባቆሙና በንግድ በሚተዳደሩ ሰዎች ዘንድ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ተቀነሰልን?» የሚል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኔ አስተያየት ግን የመንግሥታት ዕዳ ክብደቱ ከሚመዘንባቸው ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው የገንዘቡ ቁጥር ነው፤ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው በመያዣነት የተሰጠው ምን እንደ ሆነ፣ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይስ በዕቃና በሥራ እንደሚፈጸም፣ ሳይከፈል ቢቀርም አበዳሪው ምን የማድረግ መብት እንዳለው ነው።

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ፣ በዚያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩት መኰንን የልዑካን አለቃ ሆነው ወደ ኢጣልያ ተሻግረው፣ በመስከረም 1882 ዓ.ም. ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከክሪስፒ ጋር በተፈራረሙት ተጨማሪ ስምምነት ለኢትዮጵያ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ፤ አበዳሪው የኢጣልያ ባንክ፣ ዋሱ የኢጣልያ መንግሥት፣ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ከገንዘቡም እኩሌታው በዚያው በኢጣልያ ለሚገዛ ዕቃ እንዲቀመጥ ስለ ተደረገ፣ የብድሩ ግማሽ ከአበዳሪው አገር ሳይወጣ ለአበዳሪው አገር ገበያ ሆነ።

አንባቢ እዚህ ላይ በአገራችን ባላገር ዘንድ የታወቀውን ወለድ አገድ ያስታውስ፤ ባለ ርስቱ ገንዘብ ተበድሮ መሬቱን ለአበዳሪው ይሰጣል፣ አበዳሪውም ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ በወለዱ ፈንታ ምርቱን ይበላል፣ ብዙ ጊዜም ባለ ርስቱ ዋናውን ማግኘት ተስኖት ርስቱን በሩቅ እያየ ይሞታል። የሐረር ጉምሩክ ወዲያው ለአበዳሪው እጅ አልተሰጠም፤ ክፍያው በታጎለ ጊዜ ግን አበዳሪው እጁን የሚያስገባበት በር ተከፍቶለት ነበር። ሐረር ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከገባች ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት፣ የዘይላና የጅቡቲ ንግድ የሚያልፍባት ከተማ ነበረችና፣ በመያዣነት የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ዘመን ቱኒስ በ1869 እ.ኤ.አ. ገቢዋን ለአበዳሪዎች ኮሚሲዮን ካስረከበች በኋላ በ1881 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሥር ወደቀች፤ ግብፅም በ1876 እ.ኤ.አ. የዕዳ መዝገብ ቤት ከተቋቋመባት ከስድስት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ገባባት። ጉምሩክን በመያዣነት መስጠት በዚያን ጊዜ ሉዓላዊነትን በከፊል እንደ መስጠት ይቆጠር ነበር።

ስለዚህም ዐፄ ምኒልክ በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ምክንያት የተነሣው ክርክር በሰላም እንደማይፈታ ባዩ ጊዜ፣ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ሲያስታውቁ፣ ብድሩንም ከነወለዱ መልሰው መክፈላቸው ከጦር ዝግጅቱ ያላነሰ ብልሃት ነው። ከብት ያለቀበትና ሕዝብ በረኃብ የረገፈበት ክፉ ቀን ገና ከማለፉ ይህን ያህል ብር ከአገር ማውጣት ቀላል ሸክም አልነበረም፤ ነገር ግን ዕዳው ሳይከፈል ውሉ ብቻ ቢፈርስ ኖሮ፣ ኢጣልያ በሐረር ላይ የምታነሣው የባለ ገንዘብ ክስ በአውሮፓ ፍርድ ፊት ሕጋዊ መስሎ በታየ ነበር። ስለ ዐድዋ የሚጽፉ ሰዎች የጠመንጃውን ቁጥር ሲዘረዝሩ ይህን ክፍያ በአንድ መስመር የሚያልፉት ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰላም ውል ሲፈረም የባለ ዕዳነቱ ተራ ወደ ኢጣልያ ዞረ። ስለ ምርኮኞች በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ ለምርኮኞቹ ቀለብና ጥበቃ ያወጣችውን ገንዘብ መጠን ሳይወስኑ፣ መያዣም ሳይጠይቁ፣ ዐፄ ምኒልክ ነገሩን ለኢጣልያ መንግሥት ርትዕ ተዉት፤ ኢጣልያም 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። አምስት ሳንቲም ያልተጻፈበት ውል፣ ጉምሩክ ከተያዘበት ብድር ሁለት እጥፍ ተኩል የሚበልጥ ገንዘብ አስገኘ ማለት ነው።

በወረራዋ ምክንያት የመጣባት ሁለተኛው የኢጣልያ ዕዳ ግን እንዲህ በቶሎ አልተከፈለም። የፓሪስ የሰላም ውል በየካቲት 1939 ዓ.ም. ሲፈረም ኢጣልያ ለዩጎዝላቪያ 125፣ ለግሪክ 105፣ ለሶቪየት ኅብረት 100፣ ለኢትዮጵያ 25፣ ለአልባኒያ 5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተፈረደባት፤ ኢትዮጵያ ያቀረበችው የጉዳት ሒሳብ ከተፈረደላት እጅግ የበዛ ነበር። ውሉ ክፍያው ከፋብሪካ መሣሪያና ከኢንዱስትሪ ውጤት እንዲሰጥ ያዝዛል እንጂ ጥሬ ዶላር ይቈጠር አይልም፤ ምክንያቱም በጦርነት የደከመ አገር ዶላር የሚያገኘው ዕቃ ሸጦ ወይም እንደ ገና ተበድሮ ነውና፣ በዶላር ክፈል ቢባል ዕዳውን የሚከፍሉለት ሌሎች አበዳሪዎች በሆኑ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በየካቲት 1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በአዲስ አበባ ተስማምተው ሒሳቡ በ16.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲዘጋ አደረጉ፤ በዚሁም ምክንያት በአዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ በኢጣልያ ኩባንያዎች ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ።

ከ25 ወደ 16.3 መውረዱን እንደ ሽንፈት የሚቈጥሩ አሉ። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። በወረቀት ላይ የቀረ 25 ሚሊዮን አንድ አምፖል አያበራም፣ ቆቃ ግን 43 ሜጋዋት ያህል ኃይል ይዞ የተተከለ ጣቢያ ነው፤ በሌላ ወገን ደግሞ ካሣው በባለ ዕዳው አገር ተቋራጮችና ፋብሪካዎች እጅ ሲከፈል፣ ባለ ዕዳው ለገዛ ሠራተኞቹ ሥራ፣ ለማሽኖቹም የመለዋወጫ ገበያ እንደሚያተርፍ መዘንጋት አይገባም። ይህ ትርፍ በ16.3 ውስጥ አልተቈጠረም።

አሁን ወዳለንበት እንመለስ። በቻይናና በፈረንሳይ የጋራ ሊቀ መንበርነት የሚመራው የአበዳሪዎች ኮሚቴ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በመርሕ ደረጃ የተስማማበት የዕዳ ሽግሽግ 8.4 ቢሊዮን ዶላርን የሚመለከት ሲሆን፣ በዓለም የገንዘብ ድርጅት መርሐ ግብር ዘመን ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፋታ ይሰጣል ተብሏል። ፋታ ማለት ምሕረት አይደለም፤ በብሉይ ኪዳን እንደ ተደነገገው ዕዳ የሚሻርበት ሰባተኛው ዓመት በዚህ ስምምነት አልታወጀም። በሰኔ የተፈረመውም ሰነድ በራሱ የአንድ ብር ዕዳ አይለውጥም፤ ለውጡ የሚጸናው ከእያንዳንዱ አበዳሪ ጋር ለየብቻ በሚደረገው ውል ስለ ሆነ፣ ወለዱ፣ የችሮታው ጊዜና ዕዳው የሚከፈልበት የገንዘብ ዓይነት የሚታወቀው በዚያ ነው።

በዚህ ዘመን ጉምሩክን የሚተካው መያዣ እኩል አያያዝ የተባለው ደንብ ነው፤ ይኸውም ኢትዮጵያ ከቦንድ ባለቤቶችና ከሌሎች አበዳሪዎች ጋር ስትደራደር፣ መንግሥታቱ ከሚያገኙት የተሻለ ጥቅም ለእነርሱ እንዳትሰጥ የሚያስገድድ ነው። በከተማችን ያሉት የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካዎች መለዋወጫ ለማስመጣት ኤልሲ ሲከፍቱ የውጭው ባንክ የሚጠይቃቸው ዋስትና የሚከብደው ወይም የሚቀልለው አገሪቱ ዕዳ ሳትከፍል ከቀረችበት ሁኔታ በወጣችበት ፍጥነት ልክ ስለ ሆነ፣ ባለ ፋብሪካዎቻችን ከቅነሳው መጠን ይልቅ ይህ ደንብ በቦንድ ባለቤቶች ዘንድ ተቀባይነት ማግኘቱን ቢከታተሉ ይሻላቸዋል።