ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ የት እናመልክት?



የምረቃ ዓመት ሲመጣ በጀመዓችን አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ማስተርስ ውጭ አገር መማር እፈልጋለሁ፤ የት ልሞክር?» በዚህ እትም ጥያቄውን ከኮምፒውተር ሳይንስና ከተቀራራቢ ዲፓርትመንቶች አንጻር እናየዋለን።

ባለፈው ዓመት የተመረቀ አንድ ወንድማችን ለአምስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አመለከተ። አምስቱም ስማቸው በዓለም የገነነ ነበሩ። የማመልከቻውንና የእንግሊዝኛ ፈተናውን ወጪ የሸፈነለት ታላቅ ወንድሙ ነው። ከአምስቱም የመጣው መልስ «አልተቀበልንዎትም» የሚል ሆነ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ አማካይ ውጤቱ 3.4 ነው። የተሳሳተው አመራረጡ ላይ ነበር። አንድ ዓመትና የቤተሰብ ገንዘብ በዚህ መልኩ እንዳይባክን የሚከተሉትን ነጥቦች አብረን እንይ።

1. መጀመሪያ ራሳችንን እንወቅ

አንድ ወረቀት አውጥተን አማካይ ውጤታችንን፣ በሒሳብ ኮርሶች ያገኘነውን ግሬድ፣ የሠራናቸውን ፕሮጀክቶችና በደንብ የሚያውቁንን መምህራን እንጻፍ። መራጮቹ አጠቃላይ ውጤቱን ብቻ አያዩም። ዳታ ስትራክቸር፣ አልጎሪዝም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ላይ ምን እንዳመጣን ይመለከታሉ። ለማሽን ለርኒንግ የሚያመለክት ተማሪ በፕሮባቢሊቲ ሲ ካለው፣ በፕሮጀክት ወይም በሌላ ኮርስ ማካካስ ይኖርበታል።

2. ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የፕሮግራሙን መስፈርት እናንብብ

ጀርመንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እዚያ 1 ከፍተኛው፣ 4 ዝቅተኛው ማለፊያ ነው። የውጭ ውጤት የሚቀየርበት የተለመደ ስሌት አለ፦ ከ4.0 ላይ የራሳችንን ውጤት እንቀንሳለን፤ የቀረውን ለ2 እናካፍላለን (ከ4.0 ላይ ማለፊያችን 2.0 ሲቀነስ 2 ስለሚሆን)፤ በ3 እናባዛና 1 እንጨምራለን። በዚህ ስሌት 3.4 ወደ 1.9፣ 3.0 ደግሞ ወደ 2.5 ይቀየራል። አንድ ፕሮግራም «ቢያንስ 2.5» ካለ 3.0 ያለው ተማሪ ድንበሩ ላይ ነው፤ 2.8 ያለው ግን ከፍሎ ባያመለክት ይሻለዋል። ያ ወንድማችን ይህን ስሌት ቀድሞ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ በር የሚከፍትለት ቦታ እንዳለ ባወቀ ነበር።

3. ዝርዝሩን በሦስት እንክፈል

ሰባት ወይም ስምንት ፕሮግራሞች ይበቃሉ ብለን እናምናለን። ሁለቱ ከፍ ያሉ ይሁኑ፤ ብንገባ ደስ የሚለን፣ ባንገባ የማይገርመን። ሦስት ወይም አራቱ ውጤታችን ከተቀባዮቹ ጋር የሚመጣጠንባቸው ይሁኑ። ሁለቱ ደግሞ መስፈርታቸውን በደህና የምናልፍባቸው ናቸው። የአገር ውስጥ አማራጭም እዚህ ይገባል፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወይም የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች። ለእነዚህ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ስለሚያስፈልግ የፈተናው ምዝገባ እንዳያመልጠን እንከታተል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቢቀበለንም መክፈል የማንችለው ዩኒቨርሲቲ እንደ ዋስትና አይቆጠርም።

4. ገንዘቡን ከመግባታችን በፊት እናስላ

በአሜሪካ ማስተርስ ብዙ ጊዜ በራስ ወጪ ነው። ፒኤችዲ ግን በአብዛኛው የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ደመወዝ ይሰጣል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል። የምርምር ልምድ ያላችሁ ይህን አስቡበት። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ግን ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ አዲስ ተማሪዎችን ያስከፍላል። ነፃ በሆነበትም ቢሆን ለቪዛ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ አለ፤ በ2024 የተወሰነው በዓመት 11,904 ዩሮ ነበር። መጠኑ ስለሚቀያየር ከኤምባሲው አረጋግጡ።

ወጪ የሚሸፍኑም አሉ። ከጅዳ በስተሰሜን ቀይ ባሕር ዳር ያለው ካውስት ፌሎውሺፕ ለሰጣቸው ተማሪዎች ትምህርቱን፣ መኖሪያውንና የኑሮ ድጎማውን ይሸፍናል። በአቡ ዳቢ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የመሐመድ ቢን ዛይድ ዩኒቨርሲቲ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላይ ያተኮረ ሲሆን ስኮላርሺፕ ይሰጣል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ነፃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ይቀበላል፤ አንድ ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርትም አለው። ሦስቱም ቅርብ ስለሆኑ ቀላል ናቸው ማለት አይደለም። ወጪ ስለሚሸፍኑ የሚሻማው ብዙ ነው፤ ከፍ ካሉት ወይም ከተመጣጣኞቹ ጋር እንጂ ከዋስትናዎቹ ጋር አትመድቧቸው።

የብድር ነገርም አለ። በውጭ አገር የተማሪ ብድር አብዛኛውን ጊዜ ወለድ አለው። ከሪባ ለመራቅ የወሰንን ሰዎች ይህን «ከገባሁ በኋላ አስብበታለሁ» ብለን ልናቆየው አይገባም፤ ዝርዝሩን ስናወጣ ከጅምሩ ልናስበው የሚገባ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ኡስታዞችን አማክሩ።

5. ወጪና ጊዜ መቆጠብ

የማመልከቻ ክፍያን በተመለከተ ለዩኒቨርሲቲው በትህትና ጽፋችሁ ነፃ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፤ የሚፈቅዱ አሉ። ብዙ ፕሮግራሞች ጂአርኢን ትተውታል። አንዳንዶች ደግሞ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ በቋንቋ ፈተና ምትክ ይቀበላሉ። ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

በአሜሪካ ብዙ ማመልከቻዎች በታኅሣሥ ውስጥ ይዘጋሉ። ስለዚህ መምህራንን የድጋፍ ደብዳቤ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት እንጠይቅ፤ ትራንስክሪፕታችንንና የሠራነውን ፕሮጀክት አብረን እንስጣቸው። የወጪ መጋራት ጉዳይ ሰነዳችሁን እንዳያዘገይባችሁም ሬጅስትራር ቀድማችሁ ጠይቁ።

6. የምንኖርበትን ቦታ እናስብ

ሁለት ዓመት ረጅም ነው። በአካባቢው መስጂድ አለ? ሐላል ምግብ ይገኛል? የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር አለ? እህቶች ከቤተሰብ ጋር የሚኖራችሁን ምክክር ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ቪዛ ከመጣ በኋላ የሚነሳ ክርክር ብዙ ዕድል አበላሽቷል።

ያ ወንድማችን ዘንድሮ እንደገና እያመለከተ ነው። ዝርዝሩ ሰባት ፕሮግራሞች አሉት፤ ካለፉት አምስቱ አንዱ ብቻ ቀርቷል። ውጤቱ ገና አልታወቀም፤ ዱዓችሁ አይለየው።

ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ዝርዝራችሁን አውጡ፣ ታላላቆቻችሁን አማክሩ፣ ከዚያ ኢስቲኻራ ስገዱ። ዝርዝሩን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን ለማየት ዝግጁ ነን፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዓለይኩም።