ትራክተር ሲግል፦ ሞተር ከማውረድ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች

ክረምት ሲቃረብ በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች እርሻ ቀጠሮ አይቀበልም። እንደ ደብረ ወርቅ ባሉ አካባቢዎች በስፋት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይጠጥራል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ ጨቅይቶ ጎማ ይይዛል። ትራክተር ገብቶ የሚያርስበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። በእነዚህ ቀናት አንድ ትራክተር ቢቆም የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም፤ በኪራይ ለማሳረስ ተራ የያዙ አርሶ አደሮች ሁሉ ማሳቸው ጦሙን ያድራል።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ ትራክተር የመግዛት ፍላጎት አድጓል። ማሽኑ በገባበት ሁሉ ግን የመመርመሪያ መሣሪያ ያሟላ ጋራዥ አብሮ አልገባም። በዚህም የተነሳ የሙቀት መቁጠሪያው ቀዩን ሲነካ የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ ብዙ ጊዜ ከባዱ ነው፤ “ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት” የሚል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር ሲነገር ግን ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም።

የደጋው ከፍታ ራሱ በጉዳዩ ውስጥ ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህን የሚያካክሰው የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከደከመ ግን ጤነኛ ሞተር በደጋ ላይ ውኃውን አፍልቶ ይተፋል። በርካሽ ዋጋ የሚለወጥ ክዳን እያለ ሞተር የሚወርደው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሊሄድ ይገባል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሞተሩ በእርግጥ ግሏል ወይ የሚለው ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ቁልፉ ሲከፈት መቁጠሪያው ወዲያው ወደ ቀዩ ከዘለለ፣ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የሙቀት ጠቋሚው ነው። ቀጥሎ የራዲያተሩ ፊት ይታያል። የጤፍ ገለባ፣ አቧራና ሣር የአየር መግቢያውን ከደፈኑት ማራገቢያው የሚስበው አየር አይኖርም። ሲጸዳም ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ስሶቹን ክንፎች በማያጣምም ግፊት ሊሆን ይገባል።

ከዚያ የውኃው መጠን፣ የቱቦዎች መላላትና የቺንጋው ውጥረት ይታያሉ። የላላ ቺንጋ የውኃ ፓምፑንና ማራገቢያውን በሙሉ ኃይል አያዞርም። ቴርሞስታት ደግሞ ተፈትቶ በድስት ውኃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ሲሞቅ፣ በላዩ በተጻፈው ዲግሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ80ዎቹ ውስጥ፣ መከፈት አለበት። አንዳንድ መካኒኮች እንደሚያደርጉት አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይሆንም። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ ግለቱ እንዲያውም ይብሳል።

ሙቀቱ የሚመጣበት ሰዓትም ይናገራል። በከባድ እርሻ ላይ ብቻ የሚግል ትራክተር የራዲያተር መደፈንን፣ የቺንጋ መላላትን ወይም ማረሻው ከአቅም በላይ ጠልቆ መግባቱን ያመለክታል። በተነሳ በጥቂት ደቂቃ የሚግል ከሆነ ግን ተጠርጣሪዎቹ ያልተከፈተ ቴርሞስታት ወይም ጋርኒሲዮን ናቸው።

ጋርኒሲዮን ሲቃጠል ምልክት አለው፦ በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፣ ወተት የመሰለ ዘይት፣ የሚፈስበት ቦታ ሳይታይ የሚጎድል ውኃ፣ የማይጠፋ ነጭ ጭስ። ከእነዚህ አንዱም ሳይታይ ሞተር እንዲወርድ የሚወስን መካኒክ “ይህን በምን አረጋገጥህ?” ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው በጥያቄው አይከፋም፤ ምልክቱን ያሳያል። ባለንብረቱም አንድ ዕቃ ተለውጦ ውጤቱ ሳይታይ ሌላ እንዲለወጥ ባይፈቅድ፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ቢረከብ፣ የተሠራውንና የተከፈለውን ቢመዘግብ ይጠቀማል። ሞተር ከመውረዱ በፊት የሁለተኛ ባለሙያ ዓይን መፈለግም ከሚጠፋው አንድ ቀን በላይ ያተርፋል።

ይህ ማለት ግን ትራክተሩ እየጋለ ይሥራ ማለት አይደለም። መቁጠሪያው ሲወጣ ጭነቱን አቅልሎ፣ ውኃው ካልጎደለ ሞተሩን ያለ ጭነት ጥቂት ደቂቃ አዙሮ ማጥፋት ተገቢ ነው። ውኃው ፈስሶ ካለቀ ወዲያው ይጠፋል። ክዳኑ ትኩስ እያለ መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ደግሞ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ያን ጊዜ በግምት የተባለው ጉዳት እውነት ይሆናል።

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚለው ብሂል ለእርሻ ወቅት የተነገረ ይመስላል። ሰማዩ እየጠቆረ ሲመጣ መቻኮል ያለ ነው። ይሁንና ከክዳን እስከ ቺንጋ ያለውን ለመፈተሽ የሚወስደው ግማሽ ቀን ነው፤ ያለ ምክንያት የወረደ ሞተር ተመልሶ እስኪገጠም ግን የዘር ጊዜው ያልፋል።