የሞተረኞች የጋራ ጉዞ በከምባታ ጠመዝማዛ መንገድ

የጋራ ጉዞ በርካታ ሞተረኞች በአንድ መሪ ሥር ተሰልፈው፣ በርቀትና በምልክት ተስማምተው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱበት ጉዞ ነው። በብዙ አገሮች የትልልቅ ሞተር ክለቦች የእረፍት ቀን መዝናኛ ነው። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአዲሎ አካባቢ ግን ሞተር ከሁሉ በፊት እንጀራ ነው፤ ሰልፍ የሚታየው ይበልጡን ሙሽራ ሲታጀብ ወይም በዓል ሲደምቅ ነው። ሞተሩም እንደ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያለ፣ 125 ወይም 150 ሲሲ የሆነ የሥራ ሞተር ነው። የጉዞው ሥርዓት ግን ለትንሹም ለትልቁም ያው ነው።

በቀጥታ መንገድ ላይ ሞተረኞች ጎን ለጎን አይነዱም። መሪው የመስመሩን ግራ ይዞ ሲሄድ ሁለተኛው ቀኙን፣ ሦስተኛው እንደገና ግራውን ይይዛል። በአንድ በኩል ባሉ ሁለት ሞተሮች መካከል ቢያንስ የ2 ሰከንድ ርቀት ይጠበቃል፤ ይህ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ 33 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ሲሆን ሰልፉ ሳይረዝም እያንዳንዱ ለፍሬንም ሆነ ጉድጓድ ለመሸሽ ቦታ ያገኛል።

መሪው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይሆናል፤ ደካማው ሞተር ወይም ጀማሪው ነጂ ከእሱ ቀጥሎ ይሰለፋል። ኋላ የቀረ ሰው ለመድረስ ሲል ከመሪው የበለጠ ስለሚፈጥን፣ ፍጥነቱ በደካማው ካልተለካ አደጋው ከኋላ ይመጣል። መንገድ በተገነጠለ ቁጥር ከፊት ካሉት ልምድ ያለው አንዱ ቆሞ አቅጣጫ ያሳያል፤ የሚነቃነቀውም የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው። መሪነቱ ክብር ቢኖረውም ከባዱ ሥራ የዚህ የመጨረሻ ሰው ነው፤ ጎማ የተነፈሰበትን፣ ሰንሰለት የወለቀበትን የሚያነሣው እሱ ነውና።

ኩርባ ላይ የግራና ቀኙ አሰላለፍ ይፈርስና ሁሉም በአንድ ረድፍ ይገባል። ሞተር በደህና ፍጥነት ሲሄድ የሚታጠፈው በመጋደም ነው፤ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የሞተሩን ቀኝ እጀታ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ሞተሩን ወደ ቀኝ ያጋድመዋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በኩርባው ላይ ጎማው መቋቋም ያለበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘውም ማርሽ የሚቀነሰውም ከመታጠፊያው በፊት ነው። በግራ መታጠፊያ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የመሃሉን መስመር ተጠግቶ የሚጋደም ነጂ ጎማው በራሱ መንገድ ላይ ቢሆንም ጭንቅላቱ በሚመጣው አይሱዙ መንገድ ላይ ነው።

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ሰው ያፈናጠጠ 125 ሲሲ ዳገት ላይ የሚያቃስተውም አንድም ለዚህ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,058 ሜትር የሚደርሰው የሃምበሪቾ ተራራ ከሚታይበት ከዱራሜ ወደ አዲሎ ዝቅ ሲባል ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከተወረደ ታምቡሩ ይግልና መያዝ ይቀንሳል፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ራሱን እንደ ልጓም መጠቀም ይገባል።

አዲሎ በስሟ የሚጠራ፣ ላተ ረጅም የበግ ዝርያ ያላት ከተማ ናት። በገበያ ቀን በግ፣ አህያና ጋሪ መንገዱን ከሞተረኛው ጋር ይካፈላሉ፤ በግ ደግሞ አንዱ ከተሻገረ ሌላው መከተሉ አይቀርም። ከጥርጊያ መንገዶች ወደ አስፋልት የሚወጣው ኮረኮንች በበጋ፣ ጭቃው በክረምት ጎማ ያንሸራትታል። አስፋልቱ ይበልጥ የሚያንሸራትተው ዝናብ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው፤ አቧራና ዘይት ገና አልታጠቡምና።

በሙሽራ አጀብ የሚታየው ወንበር ላይ ቆሞ መንዳትና እጀታ ለቆ ቪዲዮ መቅረጽ ከዚህ ሥርዓት ጋር አይሄድም። መሪው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ሰልፉን ዞሮ ይይ፤ ሄልሜት ያላደረገ ነጂም ሆነ ተፈናጣጭ ካለ ጉዞው አይነሣ።