ጄቲማድ እና በር ላይ የተኛው አስካሪ

ስሙኝማ እናንተ ልጆች! ሐምሌ ገብቶ ብርዱ የናይሮቢዋን ሳውዝ ሲን ሲይዛት ግማሻችን ስንስል እንደምንከርም ታውቃላችሁ። ዝንጅብል አፈላን፣ ነጭ ሽንኩርት ዋጥን፣ ጤና አዳም ከአገር ቤት አስላክን። ለካ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ንጋራና ፓርክላንድስ ባሉት የጉጅራቶች ቅመም ቤቶች፣ ሌላ ነገር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ኖሯል። እነሱ ጄቲማድ ይሉታል፤ በሂንዲ ሙሌቲ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሊኮሪስ። ሥር ነው። ጣት የሚያክል፣ ቅርፊቱ ቡኒ፣ ውስጡ ቢጫ የሆነ ደረቅ ቁራጭ ይሸጡላችኋል፤ ማኘክ የሚሰለቸው ደግሞ ተፈጭቶ የታሸገውን ዱቄት ይገዛል።

ከቁራጩ ትንሽ ሰብራችሁ አኝኩት። መጀመሪያ ምንም የለም፤ እንጨት ብቻ ነው። ታገሡ። ከዚያ ከምላስ ጎን ጣፋጭነት ይነሳል፣ ይጨምራል፣ ጉሮሮ ድረስ ይወርዳል፣ ወርዶም አልሄድ ይላል! ውሃ ብትጎነጩበት ውሃው ራሱ ይጣፍጣል። ይህን የሚያደርገው በዋናነት ስኳር አይደለም፤ ግሊሲሪዚን የሚባል ነገር ነው። ከስኳር 50 እጥፍ ገደማ ይጣፍጣል።

አዩርቬዳ የሚባለው የሕንዶች ጥንታዊ ሕክምና ይቺን ሥር ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ያውቃታል። ቻራካ ሳምሂታ የተባለው መጽሐፋቸው መድኃኒቶችን በሚሠሩት ሥራ 50 ቦታ ይመድባቸዋል፤ በእያንዳንዱ ምድብ 10 መድኃኒት። ጄቲማድን ስትፈልጓት ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አትገኝም። ለጉሮሮ በሚበጁት መካከል አለች። የቆዳን መልክ በሚያሳምሩት መካከል አለች። የተለያየ አካልን በሚያገጣጥሙት፣ ማስመለስን በሚያግዙትም አለች። እኔ በተፈጥሮዬ ለሁሉም በሽታ ይሆናል የሚባል መድኃኒት አላምንም፤ ብዙ ጊዜ ለሻጩ ኪስ ነው የሚበጀው። ግን የእነሱን ስሌት ሳየው ፈገግ አልኩ። ሥሯ ጣፋጭ ናት፣ ቀዝቃዛ ናት፣ ከባድ ናት፣ ታወዛለች ይላሉ። ስለዚህ የደረቀና የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ጉዳይዋ ነው። ደረቅ ሳል፣ የሚያቃጥል ጨጓራ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ፣ የተቆጣ ቆዳ። ዝርዝሩ ረጅም ይመስላል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ታረጥባለች። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልጋታለሁ።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። ለሳል ዱቄቷን በማር ለውሶ ቀስ እያሉ መላስ። ለጨጓራ በወተት። ቻራካ አእምሮን ያበረታሉ ከሚላቸው አራት መድኃኒቶች አንዱም የእሷ ዱቄት በወተት ነው። ለቁስልና ለተቃጠለ ቆዳ በተነጠረ ቅቤ ለውሶ መቀባት። የሕንድ ዘፋኞች ደግሞ ከመድረክ በፊት ቁራጯን አፋቸው ውስጥ ይዘው ይቆያሉ። አንዱ አጠቃቀም ብቻ ለብ ያለ ሻይዋን በብዛት እየጠጡ ሆን ብሎ ማስመለስ ነው፤ እሱን አዋቂ ፊት ካልሆነ አትሞክሩት።

እሺ፣ ጉሮሮን እንዴት ነው የምታረጥበው? ጥቂት ዱቄት ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር አድርጋችሁ በደንብ ናጡት። አረፋ! ቶሎ የማይጠፋ አረፋ። ግሊሲሪዚን ሳፖኒን ከሚባሉት ወገን ነው፤ ጋቢያችንን ያጠብንበትን እንዶድ አረፋ የሚያስደፍቀውም ያው ወገን ነው። (ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ሲገድል ያዩት እንዶድ፤ ወገናቸው አንድ ሆነ ብላችሁ እሱን ደግሞ እንዳትጠጡ።) ይህ የሚያሙለጨልጭ ነገር የተቆጣውን ጉሮሮ ይለብሰዋል፣ ጣፋጩም ምራቅ ይጠራል። ነገሩ በወግ ብቻ አልቀረም። በ2013 ቪየና ውስጥ ለቀዶ ሕክምና ቱቦ ጉሮሯቸው ውስጥ ሊገባ የነበረ 236 ሰዎች ቀድመው እንዲጉመጠመጡ ተደረገ፤ ግማሾቹ ግማሽ ግራም ሊኮሪስ በተበጠበጠበት ውሃ፣ ግማሾቹ በስኳር ውሃ። ሲነቁ ጉሮሮዬን አመመኝ ያለው ሰው በሊኮሪሱ ወገን በግማሽ ገደማ አንሶ ተገኘ። ግማሽ ግራም እኮ ነው!

አሁን የምወደው ቦታ ደረስን። ቡና ያለው ቡናውን ይያዝ።

ከኩላሊታችን በላይ ትንሽ እጢ አለች። አልዶስቴሮን የሚባል መልእክተኛ በደም ትልካለች፤ መልእክቱም አጭር ነው፦ ጨው አስቀር፣ ፖታሲየም አስወጣ። ጨው ሲቀር ውሃ ተከትሎት ይቀራል። እስከዚህ ግልጽ ነው። ይህችው እጢ ግን ኮርቲሶል የሚባል ሌላም ትልካለች። ኮርቲሶል የራሱ ብዙ ሥራ አለው፤ ስንጨነቅ ይነሳል፣ የተቆጣ አካልን ያበርዳል። ብዛቱ በደም ውስጥ ከአልዶስቴሮን ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። እና ጉዱ የቱ ጋ ነው መሰላችሁ? ኩላሊት ላይ የአልዶስቴሮንን መልእክት የሚቀበለው በር ሁለቱን አይለይም! ኮርቲሶል ቢመጣም ይከፈትለታል። እንግዲያው ያ ሁሉ ኮርቲሶል ቀኑን ሙሉ በሩን እየከፈተ "ጨው አስቀር" ሲል ለምን አናብጥም?

የሰፈራችንን ግቢዎች አስቡ። የሳውዝ ሲ ግቢ በሩ ላይ አስካሪ፣ ማለት ዘበኛ፣ አለው። በሩ ራሱ ሰው አያውቅም፤ ለገፋው ሁሉ ይከፈታል። የሚያውቀው አስካሪው ነው። ኩላሊትም በሩ አጠገብ አስካሪ አቁማለች፤ ኢንዛይም ነው። ኮርቲሶል ብቅ ሲል ይይዘውና ትንሽ ለወጥ አድርጎ ኮርቲሶን ያደርገዋል፤ ኮርቲሶን ደግሞ ያን በር መክፈት አይችልም። አልዶስቴሮን ሲመጣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ጄቲማድ ስትበሉ አንጀታችሁ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ግሊሲሪዚንን ይቆርጡታል፣ ቁራጩ በደም ገብቶ ኩላሊት ይደርሳል፣ ከዚያ... አስካሪውን ያስተኛዋል! በቃ። ሥሯ ራሷ "ጨው አስቀር" ብላ አታዝም። አስካሪውን ብቻ ነው የምታስተኛው። የገዛ ኮርቲሶላችን ነው ተንጋግቶ የሚገባው።

እዚህ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። የአዩርቬዳ ሰዎች "ታረጥባለች" አላሉም? እውነትም ውሃ በሰውነት ውስጥ ታስቀራለች! ጥንታውያኑ ኢንዛይም ያውቁ ነበር ልላችሁ አይደለም፣ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ጉሮሮ የሚረጥበውም በሌላ መንገድ እንደሆነ አይተናል። ግን የታዘቡት ነገር ከንቱ አልነበረም።

ታሪኩን በቅደም ተከተል ላስይዛችሁ። በ1946 ሬቨርስ የሚባል የሆላንድ ሐኪም ጨጓራቸው የቆሰለ ሰዎች አንድ መድኃኒት ቀማሚ በሚያዘጋጀው የሊኮሪስ ልቁጥ ሲሻላቸው አየ። ደስ አለው። ግን ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹ ፊታቸውና እግራቸው ያብጥ ነበር። ከሥሯ ተነሥተው እንግሊዞች በ1960ዎቹ ካርቤኖክሶሎን የሚባል የጨጓራ መድኃኒት ሠሩ፤ ጨጓራውን አዳነ፣ እብጠቱም አብሮ መጣ። አስካሪው መተኛቱ የታወቀው ገና በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ኤድንበራ ያሉት ፖል ስቱዋርትና ክሪስቶፈር ኤድዋርድስ ደረሱበት። እዚያው ኤድንበራ ቀጥሎ የታየው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ ተመሳሳይ ኢንዛይም ቆዳ ላይም አለ። ያንኑ የግሊሲሪዚን ቁራጭ ከኮርቲሶል ጋር ቆዳ ላይ ሲቀቡት ኮርቲሶሉ ሳይፈርስ ቆይቶ ሥራው በረታ። በቅቤ ለውሰው የተቆጣ ቆዳ ላይ የሚቀቡት የሕንድ እናቶች ትዝ አሏችሁ?

ሌላ ደግሞ አለ። ክርስቶስ ከመወለዱ 300 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ግሪካዊ ቴዎፍራስጦስ ስለ ዕፅዋት ሲጽፍ እስኩቴሶችን ያነሳል፤ በቆላስይስ መልእክት ስማቸው የተጠራው እነዚያው ናቸው። ይህን ሥርና ከፈረስ ወተት የተሠራ አይብ ይዘው 11 ወይም 12 ቀን ውሃ ሳይጠጡ ይቆያሉ ይላል። ቁጥሩን አልውጥም። ግን ጨውና ውሃ የምታስቀር ሥር በረሃ የሚያቋርጥ ሰው ስንቅ መሆኗ፣ አሁን ሲያስቡት፣ አያስደንቅም?

አሁን አክስቶቻችን ይስሙ። ግፊት ያለባችሁ፣ ልብ ወይም ኩላሊት የሚያማችሁ፣ እርጉዞች፣ ላሲክስን የመሰለ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን የምትወስዱ፣ ይቺ ሥር የእናንተ አይደለችም። ጨው ሲከማች ግፊት ይወጣል፤ ፖታሲየም ሲሟጠጥ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ማሳቹሴትስ ውስጥ የ54 ዓመት ሰው ለሳምንታት በቀን አንድ ከረጢት ተኩል ጥቁር የሊኮሪስ ከረሜላ ሲበላ ቆይቶ ልቡ ቆሞ ሞተ፤ ሐኪሞቹ በ2020 ጽፈውታል። ፖታሲየሙ ወርዶ ነበር።

ለጤነኛውስ? ሒሳቧን አብረን እንሥራት። የሕንድ የአዩርቬዳ መድኃኒት መዝገብ በቀን ከ2 እስከ 4 ግራም ዱቄት ይላል። መካከሉን፣ 3 ግራም እንውሰድ። የአውሮፓ የመድኃኒት መዝገብ ደረጃውን ያሟላ ሥር ቢያንስ 4 በመቶ ግሊሲሪዚን ይኑረው ይላል። 3 ግራም ውስጥ እንግዲህ ቢያንስ 120 ሚሊግራም አለ። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ሳይንስ ኮሚቴ በ2003 ዘወትር ለሚወስድ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ በቀን 100 ነው። ስለዚህ ሳል ለያዘው ሰው የጥቂት ቀን ነገር ናት፤ ከዓመት ዓመት ሻይ ላይ የምትነሰነስ አይደለችም። መጉመጥመጥ ከሆነማ፣ ካልዋጣችሁት፣ አስካሪው እንደነቃ ነው።

እና ከሁሉም ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ነው። ድንገተኛን ታውቃላችሁ፤ መርካቶ በእስር በእስር የሚሸጠው ሥር፣ ሆድ ድንገት ሲቆርጥና ትኩሳት ሲነሳ እያኘኩ ጭማቂውን የሚውጡት። የሳይንስ ስሙ ታቨርኒየራ አቢሲኒካ ነው። የባቄላና የአተር ቤተሰብ ነው፤ ጄቲማድም ከዚያው ቤተሰብ ናት! በ1990 ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው የሥሩ ጭማቂ የተኮማተረ የእንስሳት አንጀትን እንደሚያላላ አሳትመዋል፤ ሲያኝኩት የኖሩት አያቶቻችን የሚሉትን ማለት ነው።

ገና አልጨረስኩም። ታቨርኒየራ ሌላ እህት አላት፣ ታቨርኒየራ ኩኔይፎሊያ። የት ነው የምትበቅለው? ሕንድ፣ ጉጅራት! በጃምናጋር አካባቢ ባለው የባርዳ ኮረብታ የሚኖሩ ሰዎች ሊኮሪስ ሲያጡ የእሷን ሥር ነው የሚጠቀሙት፤ ስሟንም ጄቲማድ ብለዋታል። ኬሚስቶች መርምረው ግሊሲሪዚን አግኝተውባታል። ጃምናጋር ማለት የአዩርቬዳ ዩኒቨርሲቲ ያለበት፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 የባህል ሕክምና ማዕከሉን መሠረት የጣለበት ከተማ ነው። እና ፓርክላንድስ ያለው የኦሽዋል ማኅበረሰብ፣ ብዙ ነጋዴ ያፈራው፣ አያቶቹ የመጡት ከየት ነው? ከጃምናጋር ዙሪያ መንደሮች!

እህትማማች ስለሆኑ ግን ድንገተኛም ጄቲማድም አንድ ሥራ ይሠራሉ ማለት አይደለም፤ አንዷን በሌላዋ ቦታ እንዳትወስዱ። እኔ የምፈልገው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ማኘክና ውሃ ውስጥ ናጥ አድርጌ አረፋቸውን ማየት ነው። ጄቲማዱ እኔ ጋ አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያላችሁ፣ መርካቶ ቅመም ተራ ጎራ ብሎ አንድ እስር ድንገተኛ እንዲይዝልኝ ንገሩት፤ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ።