ያውቁ ኖሯል? ጋሻ የመሬትም ስም ነበር

ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ተበጅቶ፣ አርበኛው በዕለተ ጸብእ አካሉን ከጦር የሚከልልበት ጋሻ የመሬትም ስም እንደ ነበረ ያውቁ ኖሯል? አርሲ በ1870ዎቹ በንጉሥ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ ወዲህ፣ በጢቾም ሆነ በጭላሎ ገብስና ስንዴ የሚያበቅለው ደጋ ቃላድ በተባለው ገመድ እየተለካ ለወታደሩ በደመወዝ ፈንታ፣ ለሹሙም ለመተዳደሪያ ሲሰጥ፣ መስፈሪያው ጋሻ ተባለ፤ አንዱም ጋሻ፣ መሬቱ ለም ወይም ጠፍ እንደ መሆኑ ቢጠብና ቢሰፋም፣ በግምት 40 ሄክታር ያህል ነበር። ስሙ ለተሸላሚው የጀግንነት ማዕርግ ቢሆንም፣ አስቀድሞ ባለመሬት ለነበረው ለአርሲ ገበሬ ግን ጭሰኝነትን አስከትሏልና፣ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ፣ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ።