በአራዳ ግቢ ዘንባባ ለመትከል ሲታሰብ አስቀድሞ ስፋቱ ይለካ

የአዲስ አበባ ነዋሪ ስለ ዛፍ ያለው ልምድ በአብዛኛው ከባሕር ዛፍ የተገኘ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣት ይህ ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቢረዝም አናቱ ይመታል፤ ቦታ ቢያጣብብ ተነቅሎ ሌላ ይተከላል። ዘንባባ ግን እንዲህ ያለውን አያያዝ የማይችል ዛፍ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዶች ሰፍተዋል፤ በመንገዶቹም ዳር ዘንባባዎች ተተክለዋል። በመሆኑም በመንገድ ላይ ያየውን ዛፍ በግቢው ለማየት የሚመኝ ሰው ቢኖር አያስገርምም። ነገር ግን በፕላስቲክ ከረጢት የሚሸጠው ችግኝ ቁመቱ አንድ ክንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ገዢው በዓይኑ የሚለካው ይህን ትንሽ ችግኝ እንጂ ከ20 ዓመት በኋላ የሚሆነውን አይደለም። በአራዳ ጠባብ ግቢዎች ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የዘንባባ ተፈጥሮ

ዘንባባ በተፈጥሮው ከዋንዛና ከጽድ ይልቅ ለሣርና ለእንሰት ይቀርባል። ግንዱ እንደ ሌሎች ዛፎች በየዓመቱ ቀለበት እየጨመረ አይወፍርም። መጀመሪያ ከመሬቱ ሳይነሣ ውፍረቱን ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላይ የሚሄደው። ስለዚህ ችግኙ ለበርካታ ዓመታት ግንድ ሳያወጣ ቢቆይ ቀጨጨ ተብሎ መነቀል የለበትም።

ግንዱ ሲቆስል ቁስሉን ሸፍኖ አይድንም። የልብስ ማስጫ ገመድ ለማሰር የተመታ ሚስማር የፈጠረው ቀዳዳ ዛፉ እስካለ ድረስ ይኖራል፤ በዚያም ተባይና ብስባሴ ሊገባ ይችላል።

ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት፣ በግቢ የሚተከሉት ዘንባባዎች እያንዳንዱ ግንድ ያለው የማደጊያ እንቡጥ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እንቡጡ የሚገኘው በአናቱ፣ በቅጠሎቹ መካከል ነው። እሱ ከተቆረጠ ወይም ከበሰበሰ ግንዱ ይሞታል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ደረሰብን ብሎ የዘንባባን አናት መቁረጥ ዛፉን ማሳጠር ሳይሆን መግደል ነው።

በአንጻሩ ሥሩ ቀጫጭንና ብዙ ነው፤ እንደ ዋርካ ሥር እየወፈረ ሄዶ የቤት መሠረት አያነሣም። ለአሮጌ የጭቃና የእንጨት ቤት ይበልጥ የሚያሰጋው የግንዱና የቅጠሉ ስፋት ነው።

የትኛው ዘንባባ ለየትኛው ግቢ

አገራችን የራሷ ዘንባባዎች አሏት። በጋምቤላ ቆላ ግዙፉ የቦራሰስ ዘንባባ ይበቅላል፤ በአፋር ወንዞች ዳር ዶም የሚባለው ይገኛል፤ ቴምርም በደረቅ ቆላ ይለማል። ይሁን እንጂ ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ለእነዚህ የቆላ ዘንባባዎች አይስማማም። ቴምር ራሱ ቢበቅል እንኳ ፍሬው ለመብሰል የሚፈልገውን ረዥም ሙቀት በአዲስ አበባ አያገኝም። የባሕር ዳርን ጎዳናዎች ዘንባባ አይቶ ያደነቀ ሰውም ከተማይቱ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ መሆኗን ማስታወስ አለበት፤ በአራዳ ዕድገቱ ይዘገያል።

ለአዲስ አበባ ብርድ የሚስማሙት በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው ከካናሪ ደሴቶች የመጣው ግዙፉ ዘንባባ ነው። ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሜትር፣ የአንዱ ዝንጣፊ ርዝመት ከ4 እስከ 6 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የቅጠሉ ጥላ ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር ያህል ይሰፋል። በዝንጣፊው ሥር ያለው እሾህ ረዥምና ስል በመሆኑ ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ አደገኛ ነው። ዛፉ ወደ ላይ ከመሄዱ በፊት ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን የሚዘረጋው በሰው ፊትና በመስኮት ልክ ነው።

ሁለተኛው ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ዋሽንግቶኒያ ነው። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ነው። ከ20 ሜትር በላይ ሊረዝም ቢችልም አናቱ የሚይዘው ስፋት ከ3 እስከ 4 ሜትር ያህል ነው። ጉድለቱ የደረቀው ቅጠል ሳይወድቅ በግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው። ይህ ካልጸዳ የአይጥ መኖሪያ ይሆናል፤ እሳት ከነካውም እንደ ችቦ ይነዳል። ቤቶቹ ተጠጋግተው በተሠሩበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የራሳችን አገር ዘንባባ ነው። ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ እያወጣ በቁጥቋጦ መልክ ያድጋል፤ ቁመቱም በአብዛኛው ከ10 ሜትር ብዙ አያልፍም። አንዱ ግንድ ቢቆረጥ ሌሎቹ ስለሚቀጥሉ ቁጥሩን እየቀነሱ ከግቢ ስፋት ጋር ማስማማት ይቻላል። ይህኛውም እሾህ አለው። ቢሆንም ለመካከለኛ ግቢ የሚመረጠው እሱ ነው።

በሲባጎ መለካት

ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ለመትከል በታሰበው ቦታ ካስማ ይመታ፤ በካስማው ላይ ሲባጎ ታስሮ ዙሪያውን ይዞር። የሲባጎው ርዝመት ለካናሪው 5 ሜትር፣ ለአገሩ ዘንባባ 3 ሜትር፣ ለዋሽንግቶኒያ 2 ሜትር ተኩል ይሁን። ሲባጎው ግድግዳ፣ ማድ ቤት፣ የጎረቤት አጥር ወይም የሰው መተላለፊያ ከነካ ቦታው ለዚያ ዘንባባ አይሆንም። ቀጥሎም ወደ ላይ ይታይ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ሦስቱም አይተከሉም። ይህን መመዘኛ የሚያልፍ ግቢ በአራዳ ውስጥ ጥቂት ነው። ላላለፈው ሎሚ ወይም ኮክ መትከል ይሻላል።

ከፍሬው እስከ ተከላው

ከፍሬ ማብቀል የሚፈልግ ሥጋውን አጥቦ ማስወገድ፣ ፍሬውን ውኃ እየለወጠ ሁለት ቀን መዘፍዘፍ፣ ከዚያም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ውስጥ መዝራት አለበት። የመጀመሪያው ሥር ወደ ታች ስለሚወርድ ረዘም ያለ ከረጢት ያስፈልጋል። ለመብቀል ከሁለት እስከ አራት ወር፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ የሚወጣው ቅጠል ሣር ስለሚመስል በአረም ስም እንዳይነቀል ጥንቃቄ ይደረግ።

ለተከላ አመቺው ጊዜ የክረምቱ መግቢያ፣ ሰኔ ነው። አሮጌ ቤት በነበረበት መሬት ላይ ከተተከለ ጉድጓዱ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈር፤ የሲሚንቶና የድንጋይ ስብርባሪው ወጥቶ በለም አፈርና በበሰለ ፍግ ይተካ። ውኃ የሚተኛበት መረሬ ከሆነ መውረጃ ቦይ ይበጅለት። ችግኙ በከረጢቱ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በታች መቀበር የለበትም፤ ብዙ ዘንባባ የሚሞተው ጠልቆ በመተከሉ ነው።

በአያያዝ ረገድ የሚቆረጠው ፈጽሞ የደረቀው የታችኛው ቅጠል ብቻ ነው። አረንጓዴውን መመልመል ዛፉን ያዳክመዋል። መጋዙም ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በበረኪና ተጠርጎ ይታጠብ፤ የካናሪውን ዘንባባ የሚያጠወልግ በሽታ በመጋዝ ይተላለፋልና።

የሆሳዕና ሰሞን በአራዳ ጊዮርጊስም ሆነ በየአጥቢያው ለጣት ቀለበትና ለራስ ማሠሪያ የሚጎነጎነው ዘንባባ ብዙ ነው። በግቢው ዛፍ ያለው ሰው ለጎረቤት ሲሰጥ ከተከፈቱት የጎን ዝንጣፊዎች አንድ ሁለት ይቁረጥ። ከመካከል ቀጥ ብሎ የወጣውን ያልተፈታ ለጋ ቅጠል ከሥሩ ለማውጣት ቢላዋ ወደ ልቡ መስደድ የዛፉን ሕይወት ያሳጣል።

ቤት ሲነሣ ዛፉስ?

በከተማ መልሶ ማልማት ምክንያት ግቢ ሲለቀቅ አብዛኛው ትልቅ ዛፍ በመጋዝ ይወድቃል። ዘንባባ ግን በዕድሜ ከገፋ በኋላም ሊዛወር ከሚችሉት ጥቂት ዛፎች አንዱ ነው። ከግንዱ ግርጌ አዲስ ሥር ማውጣት ስለሚችል፣ ከግዙፍነቱ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ አፈር ይዞ ይነሣል።

ለዚህም ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ይቆፈራል፤ ከቅጠሉ ሲሶው ወይም ግማሹ፣ ከታች በኩል ያለው፣ ይቀነሳል፤ የቀረው ወደ ላይ ተሰብስቦ በቃጫ ገመድ ይታሰራል። አዲሱ ቦታ ላይ በቀድሞው ጥልቀቱ ተተክሎ በእንጨት ይደገፋል፤ ድጋፉ ግን ይታሰራል እንጂ በግንዱ ላይ በሚስማር አይመታም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ሳይቋረጥ ውኃ ይፈልጋል። ገና ግንድ ያላወጣው ወጣት ዘንባባ ግን ሥሩ ሲቆረጥ በቀላሉ አያገግምም። ትልቁን ማንሣት ክሬንና የባለሙያ ሥራ ስለሚጠይቅ አስቀድሞ በወረዳው ያለውን የከተማ ግብርና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዘንባባ ለመትከል ያሰበ የአራዳ ነዋሪ ወደ ችግኝ ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ካስማና ሲባጎውን ያዘጋጅ። በግቢው ዘንባባ ኖሮት ቦታውን የሚለቅም ለመጋዝ ከመቸኮሉ በፊት ሰኔ እስኪደርስ ጊዜ ያለው መሆኑን ይጠይቅ፤ በክረምቱ መግቢያ የተነሣ ዘንባባ በሌላ ሰፈር የመጽደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።